ለፀሐይ የሚተው ክፍተት

አዳማ ከተማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዝቅ ብሎ፣ ወንድይፍራው የሚባል መስታወት ቆራጭ አለ። መስኮት ይገጥማል፣ ፎቶ በፍሬም ያስገባል፣ የቡፌ በር ይሠራል። እጁ የተመሰገነ ነው፤ የአልማዝ መቁረጫውን መስታወቱ ላይ አንዴ ካስኬደው ሁለተኛ አይደግመውም። ሰውየው ክፉ አይደለም። ይህ ከወዲሁ ይነገር፤ ኋላ ላይ ሊረሳ ይችላል።

ወንድይፍራው የወደደውን ነገር ማሳየት ይወዳል፤ ማሳየት የፈለገውን ሁሉ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ ያስቀምጣል። ሳሎኑን ያየ ሰው ይህን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ቡፌው ውስጥ ከሠርጉ ጀምሮ ውሃ ያልነካቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ የአንድያ ልጁ የማዕዶት የምረቃ ፎቶ፣ ዲግሪዋ፣ ሕፃን ሳለች የሣለችው ባለ ሰማያዊ ጣሪያ ቤት ሳይቀር በመስታወት ገብቶ ተሰቅሏል። ማዕዶት ራሷም እዚያው ግድግዳ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶላት ትሠራለች። መኝታ ቤቴ ውስጥ ልሥራ ብላ ነበር፤ አባቷ «ምን አጥፍተሽ ነው ጓዳ የምትገቢው?» ብሎ ሳሎን አስቀመጣት።

ሥራዋ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን ተሠርተው እንዳለቁ አድርጎ በኮምፒዩተር ማሳየት ነው። አንድ ሰው ባዶ መሬት ይዞ ይመጣል፤ እሷ በረንዳውን፣ ደረጃውን፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ ሳይቀር አድርጋ ታሳየዋለች። ወንድይፍራው ከኋላዋ ቆሞ መስኮቶቹን ይመለከታል። አንዳንዴ «ይቺ መስኮት ጠበበች» ይላታል፤ እሷም ታሰፋዋለች። ይህን ጊዜ ደስታውን አይችለውም።

ኮምፒዩተሩን የገዛችው በራሷ ገንዘብ ነው። ዕቃው ተለያይቶ በካርቶን መጣ፤ ሳሎኑ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ስትገጣጥም አባቷ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ኬዙ፣ የኮምፒዩተሩ ቤት ማለት ነው፣ አንደኛው ጎኑ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ብረት ነበር። ከውስጥ ዕቃው ሁሉ ትልቋ ግራፊክስ ካርዷ ነበረች። ሥዕሉን ሁሉ የምታወጣው እሷ ናት። ፊቷ ላይ ሦስት ማራገቢያ አላት፤ ዙሪያዋን ወይን ጠጅ መብራት ይዞራታል። ማዕዶት በቦታዋ ስትሰካት ግን ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ተጋደመች፤ ለሚያያት ሰው ጀርባዋ ብቻ ሆነ።

«ፊቷ የታለ?» አለ ወንድይፍራው።

«ወደ ታች ነው አባዬ። ከሥር አየር እየሳበች ነው የምትሠራው።»

«እንዲህ ያለች ቆንጆ አቀርቅራ ልትኖር ነው?»

«እኔስ ስሠራ አቀርቅሬ አይደል?»

«አንቺማ እንግዳ ሲመጣ ቀና ትያለሽ» አለ አባቷ። ደግሞ ጎንበስ ብሎ አየት አደረገና፣ «ጫፏም ዘመም ብሏል። ክብደቷ እየጎተታት ነው። እንዲህ ከተውሻት አንድ ቀን ትገነጠላለች» አለ።

በዚህ እንኳ አልተሳሳተም፤ ካርዷ ከባድ ናት፣ ጫፏም በእርግጥ ዘመም ብሎ ነበር። በማግስቱ ከሱቁ መስታወት ቆርጦ መጣ። ጠርዙን ሞርዶ፣ ማዕዘኑን አለስልሶ፣ የተበሳሳውን ብረት አንሥቶ በምትኩ ገጠመው። ብረቱን እናትየው የሺመቤት ወስዳ ጓሮ ነጭ ሽንኩርት ታሰጣበት ጀመር። ከዚያ ወንድይፍራው «ፊቷን ወደዚህ አታዞሪያትም?» ማለት አመጣ። ቁርስ ላይ ይላል፣ ራት ላይ ይላል፣ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ ይላል። ማዕዶት አባቷን እምቢ ማለት አልለመደባትም። ማቆሚያና ማገናኛ ገመድ ገዝታ ካርዷን አቆመቻት፤ ፊቷ ከመስታወቱ ጋር ተፋጥጦ፣ መሐላቸው ጣት እንኳ የማያስገባ ሆነ።

«ለአንተ ብዬ ነው እንጂ፣ እንዲህ ሆና አይመቻትም» አለች።

ወንድይፍራው የሰማው «ለአንተ ብዬ» የሚለውን ነው። ወይን ጠጁ መብራት በመስታወቱ ውስጥ ሲዞር አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

የሺመቤት ደግሞ ዳንቴል ትሠራለች። በዚያ ቤት ራቁቱን የተቀመጠ ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ የሶፋው መደገፊያም ለብሷል። ለኮምፒዩተሩም ጽጌረዳ ያለበት አዲስ ሠርታ አናቱ ላይ ጣል አደረገችለት። ማዕዶት አናቱ የተበሳው ሙቀቱ እንዲወጣ መሆኑን ነገረቻት።

«ዳንቴልም እኮ ቀዳዳ ነው» አለች እናት።

ማዕዶት ሥራ ስትጀምር ቀስ ብላ ታነሣዋለች፤ እናት አቧራ ስትጠርግ መልሳ ታለብሰዋለች። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

እንግዳ ከዚያ ቤት አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ ማዕዶት ሥራዋን አቋርጣ ትነሣለች፣ ትስማለች፣ የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ትጠይቃለች፣ ስትጠየቅም ትመልሳለች። እንግዳው ወደ መብራቱ እያየ «ይቺ ናት ያልከኝ?» ይላል። «እሷ ናት» ይላል ወንድይፍራው፤ እጁ አንዳንዴ ወደ ማሽኑ፣ አንዳንዴ ወደ ልጁ ይዘረጋል። እንግዳው ሲሄድ ማዕዶት ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ የት ላይ እንደነበረች ለማስታወስ ስክሪኑን ትክ ብላ ታያለች።

አንድ ቀን የወንድይፍራው ታላቅ እህት ዘነቡ ከአሰላ መጣች። ዘነቡ የደጋ ሰው ናት፤ አዳማ በመጣች ቁጥር በነጠላዋ ጫፍ እያራገበች ታማርራለች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ፣ «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትተነፍሰው?» አለች።

«ማሽኗ ናት እትዬ። ሥራ ሲበዛባት እንዲህ ናት» አለ ወንድይፍራው።

«እኔ መቼ ሌላ አልኩ» አለች ዘነቡ፤ ዓይኗ ግን ማዕዶት ላይ ነበር። «አይታችኋታል ወይ ነው የምለው።»

«ምነው እትዬ፣ ቀኑን ሙሉ የምናየው እሷን አይደል?»

«እሱንማ አያለሁ» አለችው ዘነቡ፤ ወዲያው ስለ አሰላ ገብስ ማውራት ጀመረች።

ሚያዝያ ገብቶ ሙቀቱ በርትቶ ሳለ ለማዕዶት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለላት። የሕንፃ ፊልም የሚሠራ ድርጅት ነው። የቀድሞ ሥራዋን አይተው ወደዋታል፤ አንድ ፈተና ግን አለ። ገና ያልተሠራ የቤተ መጻሕፍት ፕላን ይልኩላታል፤ ተመልካቹ በበሩ ገብቶ፣ መደርደሪያዎቹን አልፎ፣ ሰገነቱ ላይ እስኪወጣ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠርታ እስከ ዓርብ ትልካለች። ከወደዱት ትቀጠራለች፤ ሥራውም እዚያው አዲስ አበባ፣ ከእነሱ ጋር ነው።

ራት ላይ ነገረቻቸው። የሺመቤት የጎረሰችውን ሳትውጥ ቆየች።

«እዚሁ ሆነሽ አትልኪላቸውም?» አለ ወንድይፍራው። «ምን ጎደለሽ?»

«ምንም አልጎደለኝም አባዬ።»

«ታዲያ?»

«እዚያ የማላውቀውን የሚያሳዩኝ ሰዎች አሉ። እዚህ እኔ መታየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።»

ወንድይፍራው ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ፎጣውን ከሚገባው በላይ እጁ ላይ አቆየው። «እንግዲህ ሥሪው፤ ማን ከለከለሽ» አለ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ቤት ማዕዶትን ምንም ነገር የከለከላት ሰው የለም። ፊልሙ ካለቀ ትሄዳለች፣ ካላለቀ ትቀራለች። ሦስቱም ይህን እያወቁ ወደ መኝታቸው ገቡ።

ፊልም ከፎቶ ይከብዳል። ካርዷ እስከዚያ ቀን አንድ ሥዕል አውጥታ ታርፍ ነበር፤ አሁን ሥዕል በሥዕል ላይ ሳታቋርጥ ማውጣት ሆነባት። ሰኞ ረፋዱ ላይ ማራገቢያዎቿ ማጓራት ጀመሩ። ቀትር ላይ ድምጿ እስከ ጎረቤት ተሰማ፤ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ያን ያህል የተለፋበት ሥራ አብሮ ሄደ። ማዕዶት እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ጠፋ።

«ሞቋት ነው» አለች።

ቤተሰቡ ተረባረበ፤ ይህን ማንም አይክድም። ወንድይፍራው የመኝታ ቤቱን ቬንትሌተር አምጥቶ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ገተረውና ለቀቀባት። ነፋሱ መስታወቱን መትቶ ሲመለስ የሳሎኑን መጋረጃ ያርገበግባል፤ ለካርዷ የደረሳት ነገር የለም። የሺመቤት ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ መስታወቱን አበሰችላት። ጥላ እንዲሆንላት ብላም መስኮቱን ዘጋች፤ ቤቱ ይብስ ታፈነ። «በርቺ» አሏት፣ «አይዞሽ» አሏት፣ የማንጎ ጭማቂ አመጡላት። ማዕዶት መሐላቸው ተቀምጣ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን አየች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሚያስፈልጋት ነፋስ አይደለም። ቦታ ነው። ከመስታወቱ ጋር ተጠጋግታ የራሷን ትንፋሽ ነው መልሳ የምትስበው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«መስታወቱ ይነሣ። እሷም እንደ መጀመሪያዋ ትተኛ።»

ወንድይፍራው መስታወቱን አየ። እሑድ ልዑልሰገድ ይመጣል። ልዑልሰገድ የድሮ ጓደኛው ነው፤ አሁን የብረታ ብረት ነጋዴ ሆኖ በሄደበት ሁሉ ስለ ልጆቹ አፉን ሞልቶ ያወራል። ወንድይፍራውም በተራው ስለ ማዕዶትና ስለዚያች ስለምታበራው ነገር ያልነገረው የለም። «እሑድን ትለፍ» አለ። «ልዑልሰገድ አንዴ ይያትና ከዚያ እንደወደድሽ አድርጊያት።»

«የምልከው ዓርብ ነው አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ማዕዶት መላ ፈለገች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ አዳማ ገና ሳይሞቅ ተነሥታ ጀመረች። በዚያ ሰዓት ካርዷ ደኅና ትሠራለች፤ ድምጿም ያን ያህል አያስፈራም። ፀሐይ ወጣ እንዳለች ግን የጎረቤት ሴትዮ እርሾ ልትዋስ ብቅ አለች፤ ወንድይፍራው «ግቢ እንጂ፣ ሳታያት ትሄጃለሽ?» ብሎ ሳሎን አስገባት። ማዕዶት ተነሣች፣ ሳመች፣ የልጆቹን ጤና ጠየቀች። ሴትዮዋም መብራቱን እያደነቀች ቆየች። ስትወጣ ቤቱ ሞቆ ነበር።

ረቡዕ ቀን የሺመቤት ሱቁ ስልክ ደውላ «አሁንም ጠፋባት፤ ልጅቷ ልታለቅስ ነው» አለችው። «አይ፣ ምን ይሻላል» አለ ወንድይፍራው በአፉ። ሆዱ ውስጥ ግን ከሰኞ ጀምሮ የተቋጠረ ነገር ላላ ሲል ተሰማው። ለካ በጠፋ ቁጥር ደስ ይለው ኖሯል። ስልኩን ዘግቶ ቆመና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልጁ ስትደክም እሱ ማረፉን አወቀና አፈረ። ማፈሩን አፈረ እንጂ ሄዶ መስታወቱን አላነሣም፤ ማታም ቤቱ ገብቶ «እንዴት ዋልሽ» ብሏት ራቱን በላ።

ሐሙስ ጠዋት ስንዱ የምትባል ባለ ካፌ ሱቁ መጣች። ካፌዋ ከሱቁ ትይዩ ነው። በቅርቡ የገጠመላት ትልቁ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል።

«ማንም አልነካው ጋሼ» አለች። «ድንጋይ የለ፣ ኳስ የለ። ትናንት ቀትር ላይ ቁጭ ባልንበት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።»

ወንድይፍራው ተሻግሮ አየው። ያን መስኮት ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ፊት ለፊት ነው የሚመታው። ጣቱን በፍሬሙ ዳር አስኬደ፤ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ግጥም ብሎ ገብቷል፣ ፀጉር አያሾልክም። የቆረጠው ራሱ ነው። ስንዱ የድሮው መስኮት በነፋስ እየተንኳኳ አስቸግሯት «ጥብቅ ይበልልኝ» ብላው ነበር፤ እሱም ሐሳቡ ቤት ቀርቶ ስለነበር እሺ ብሎ ዕድሜ ልኩን ያላደረገውን አደረገ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «ሌላ እሠራልሻለሁ። መስታወት ሲቆረጥ ከፍሬሙ ትንሽ ይቀነሳል። ለፀሐይ ይተዋል እንላለን እኛ።»

«ለፀሐይ?»

«ሲሞቅ ይሰፋል። የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ራሱን ይሰነጥቃል።»

ስንዱ አላመነችም። «ግጥም ካላለ አይወድቅም እንዴ?»

«አይወድቅም። ከሥሩ ጎማ ይገባለታል። ያዝ ይደረጋል እንጂ አይ...»

አልጨረሰውም። ስንዱ መቼ እንደሚሠራላት ጠየቀችው፤ አልሰማትም። ደግማ ጠየቀችው። «ነገ፣ ነገ» አላትና ሱቁን ዘጋ። መፍቻና አንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ኪሱ ከቶ፣ በዚያ ሰዓት ሄዶበት በማያውቀው መንገድ ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

የሺመቤት ገበያ ወጥታለች። ማዕዶት ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አጥፋ ጭንቅላቷን ደፍታለች። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ማራገቢያዎቹ ግን ገና ያጓራሉ። አባቷ መግባቱን ሰምታ ቀና አላለችም።

ወንድይፍራው መጀመሪያ ዳንቴሉን አነሣ፤ አጣጥፎ ሶፋው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መስታወቱን ፈታ። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊቱን መታው። እጁን ሰድዶ ካርዷን ነካ አደረገና ቶሎ መለሰው።

«እንዲህ እየተቃጠልሽ ዝም ትያለሽ?» አላት፤ ካርዷን ነው።

«ዝም አላለችም አባዬ» አለች ማዕዶት ጭንቅላቷን ሳታነሣ። «ስትጮህ ነው የሰነበተችው።»

ወንድይፍራው በርጩማውን ስቦ፣ ዕቃው የመጣ ዕለት ተቀምጦበት በነበረው ቦታ ተቀመጠ። የልጁን ትከሻ አየ። ከስታለች፤ መቼ እንደከሳች ግን አያውቅም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶዋን ቅዳሜ ቅዳሜ በእጁ ይወለውላል፣ እዚያ ላይ ጉንጯ ሞላ ያለ ነው።

«ነይ አሳይኝ» አለ በመጨረሻ። «እንዴት ነበር የምትተኛው?»

ማዕዶት ቀና አለች። መስታወቱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ አባቷ መፍቻ ይዟል። ጥቂት አየችውና ተነሥታ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለች። እስኪበርድ ድረስ ጠበቁ። ማቆሚያውን ፈቱ፣ ገመዱን አወጡ፣ ካርዷን በድሮ ቦታዋ ሰኳት፤ ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ተጋደመች። ጫፏ አሁንም በክብደቷ ዘመም አለ።

ወንድይፍራው አሉሚኒየሙን ለክቶ ቆረጠና ከጫፏ ሥር አቆመላት። ይበልጥ ቀና ትበል ብሎ ወደ ላይ ሊገፋት ሲል ማዕዶት እጁን ያዘችው።

«አትግፋት። የምታርፍበት ካገኘች ይበቃታል።»

ቁራጩን በሞረድ ትንሽ አሳጠረው። ካርዷ ሳትጫን ሳትንጠለጠል ጫፏን አሳረፈችበት። ጓሮ ወጥቶ የተበሳሳውን ብረት አመጣ፤ ነጭ ሽንኩርቱን አራግፎ፣ ልጣጩን እፍ እፍ ብሎ፣ በመስታወቱ ምትክ ገጠመው። ሽታው ግን አለቀቀም፤ ማዕዶት አሽትታ ፈገግ አለች፣ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ታቅፎ ተነሣ።

«ጓዳሽ ይሻላል?» አላት።

«መስኮቱ ጋ» አለችው።

መኝታ ቤቷ ወስዶ አስቀመጠላት፣ መስኮቱን ከፈተላት፣ በሩን ዘግቶላት ወጣ። ሳሎን ተቀምጦ አዳመጠ። ቆይቶ ቆይቶ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ልቡ ፈራና በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ጠፋች እንዴ?» አለ።

«የለም አባዬ፣ እየሠራች ነው» አለች ማዕዶት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «ደኅና ስትሆን ድምጿ አይሰማም።»

የሺመቤት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትገባ ከቡፌው አጠገብ ባዶ ጠረጴዛ፣ ሶፋው ላይ የታጠፈ ዳንቴል አየች። ነገሩ ገባት።

«እሑድ ሰው ሲመጣ ምን ሊያይ ነው?» አለች።

«እኔንና አንቺን ይይ።»

ዳንቴሉን አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው። «ትሄዳለች ማለት ነው?»

«ትሄዳለች» አለ ወንድይፍራው። ከዚያ ሁለቱም ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለቀሱ። የሺመቤት እንባዋን በዳንቴሉ ጠረገች።

ፊልሙ ዓርብ ጠዋት አለቀ። ከመላኳ በፊት ጠርታ አሳየቻቸው። በሩ ይከፈታል፣ መደርደሪያዎቹ በግራና በቀኝ ያልፋሉ፣ ደረጃው ወደ ሰገነቱ ይወጣል፤ እዚያ አንድ ትልቅ መስኮት አለ፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። ወንድይፍራው እንደ ልማዱ «ይቺ መስኮት» ብሎ ጀመረና ተወው። ማዕዶት ዞር ብላ ጠበቀችው።

«ደኅና ናት» አለ። «እንዲሁ ተያት።»

ድርጅቱ ፊልሙን ወደደው። ማዕዶት የሄደች ቀን ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መናኸሪያ ድረስ ይዞ የወሰደላት አባቷ ነው። ሹፌሩን ለምኖ ፀሐይ በማይመታው በኩል አስቀመጠው፤ አጠገቡ ማዕዶት ተቀመጠች። ከቤት ሲመጡ መንገዱን ሙሉ የሚነግራትን ሲያሰናዳ ነበር፤ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ግን በመስኮቱ በኩል «እዚያም መስኮት አጠገብ አድርጊያት» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልመጣለትም። እሷም እሺ አለች፤ እጁንም ሳመችው።

መጀመሪያ ላይ ማዕዶት በየማታው ትደውል ነበር። ሥራው ሲይዛት በየሁለት ቀኑ ሆነ፤ ከዚያ እሑድ እሑድ። ስትደውልም ስለ አዳዲስ ጓደኞቿ፣ ስለሚያርሟት ሰዎች፣ ስላልገባት ነገር እየተቻኮለች ታወራለች፤ ትስቃለች። የሺመቤት በየምሽቱ «ልጅቷ እኮ ድምጿ ጠፋ» ትላለች። ወንድይፍራው ከኬዙ የነቀለው መስታወት ለአንድ ሰው የመደርደሪያ በር ሆኖ ተሸጧል፤ ሲገጥመው ትንሽ አሳጥሮ ነው።

ልዑልሰገድ በዚያ እሑድ ልቅሶ ገጥሞት ቀርቶ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል መጣ። የሺመቤት ከቡፌው ብርጭቆ አውጥታ፣ አለቅልቃ፣ ውሃ አመጣችላቸው። ልዑልሰገድ ሳሎኑን ዙሪያውን አየና ዓይኑ የሚፈልገውን አጣ።

«ያቺ የምታበራዋ የታለች?» አለ። «ስንት ነገር ስታወራላት አልነበር።»

«እዚህ ሞቋት ነበር» አለ ወንድይፍራው። «ቦታ ቀየርንላት።»

«ታዲያ ተሻላት?»

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ከጓዳ የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስልኩ ማሽኑ በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከእሑድ ወዲህ አልጮኸም። ወንድይፍራው አየት አደረገውና ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ።

«ተሻላት» አለ። «ደኅና ስትሆን ድምጿ አይሰማም።»